የማን ቃል ነው?

ከዐሱር ሶላት በኋላ ጅግጅጋ ውስጥ ወደማውቀው አንድ ግቢ እሄዳለሁ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ምንጣፉ ላይ ስቀመጥ አምስት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ይከቡኛል። ሄልና ቀረፋ የገባበት የወተት ሻሂ ይመጣል። ጥግ ላይ፣ ትራስ ደገፍ ብለው፣ ልጆቹ «አዬዮ» የሚሏቸው አያት ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ላይ ይቀመጡ የነበረው እንግዳ ሰው ከቤቱ ሴት ልጆች ጋር ብቻውን እንዳይሆን ነው። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ተገቢም ነው። ዛሬ ግን አዬዮ ያልተገኙበት ቀን ትምህርቱ ይጎድልብኛል።

አምስቱም በዕድሜያቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ ትምህርት ቤት ግን አይሄዱም። የአንደኛዋ እናት ከጅግጅጋ ቶጎ ውጫሌ እየተመላለሱ ስለሚነግዱ ቀን ቀን ታናናሾቿን የምትጠብቀው እሷ ናት። ሁለቱ ወንድማማቾች ከሐርጌሳ ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ማስረጃ ከክፍላቸው ጋር አልገጥም ብሎ ዓመት ባከነባቸው። ሌላውን ልጅ የእግር ሕመም ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ አውሎታል። የአክስታቸው ልጅ ደግሞ ሱቅ ላይ ትውላለች። እቤት እየተማሩ በግል ለመፈተን ይዘጋጃሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ከአውበሬ እስከ ሽንሌ ባሉት ከተሞች ብርቅ አይደለም። ሰፈሩ «ያቋረጠ» ይለዋል። ቃሉን አልወደውም። አመሻሽ ላይ፣ የሱቁን በር ዘግታ፣ እጇን ታጥባ ልብ ወለድ የምትከፍት ልጅ ያቋረጠችው ነገር የለም።

ልጆችን እቤት ማስተማር የጀመርኩት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ነው። ያኔ የጎረቤት ልጆች ሥራ እንዳይፈቱ ብዬ ነበር። ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ አብዛኞቹ ተመለሱ፤ ያልተመለሱም ነበሩ። ለእነሱ ብዬ ቀጠልኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

የዓለም ሥነ ጽሑፍና ድርሰት አስተምራለሁ ስል ወላጆች ግራ ይጋባሉ። አንድ አባት በአክብሮት፣ «መዐሊን፣ ሒሳቡ እያለ ተረት ምን ያደርግላቸዋል?» ብለውኛል። ፍርሃታቸው ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አስጠኚ የሚፈለገው ለወርክሺት ነው። ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ተማሪው መልሱን ይመርጣል እንጂ አንድ አንቀጽ እንኳ ጻፍ አይባልም። ስለዚህ የማይፈተኑበትን ነገር ማን ያስተምራል? ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ የራሱን ሐሳብ በአንድ ገጽ ጽፎ ሳያውቅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። እዚያ ሪፖርት ጻፍ ሲባል የሰው ጽሑፍ ይገለብጣል። አስተማሪዎቹ ይቆጡታል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ማንም የእሱን ቃል ጠይቆት አያውቅም።

እኔም ከጥፋቱ ነጻ አይደለሁም። በመጀመሪያው ዓመት ለልጆቹ ያመጣሁላቸው ማስታወሻ ነበር፤ ሴራ ምንድን ነው፣ ገጸ ባሕርይ ምንድን ነው፣ መቼት ምንድን ነው። በቃላቸው ያዙት። ስጠይቃቸው ያለ ስሕተት ይመልሳሉ። ከመካከላቸው ግን አንድ አጭር ልብ ወለድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበበ አልነበረም። የወጥ ስም አስጠንቼ ያለ ራት አሰናበትኳቸው።

የነቃሁት በአዬዮ ነው። አንድ ቀን ከወንድማማቾቹ ታላቁ ስለ ጅግጅጋ ነፋስ የጻፈውን ድርሰት በእንግሊዝኛ አነበበ። አንድም ስሕተት የለበትም፤ ስልኩ የጻፈለት ነበር። አዬዮ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ቢሆንም አንገታቸውን ቀና አድርገው በሶማልኛ፣ «የማን ነው?» አሉት። «የእኔ» አለ። «አይደለም» አሉት ቆጣ ሳይሉ፣ «የራሱን ቃል የሚናገር ሰው መሐል ላይ ቆም ይላል። አንተ አልቆምክም። ባለቤቱን ጥራ።»

ባለቤቱን ጥራ! ይህ የሴትየዋ ብልሃት ብቻ ሳይሆን የሶማሌ ግጥም ሕግ ነው። የሌላን ሰው ግጥም በቃሉ ይዞ የሚያሰማ ሰው አስቀድሞ የገጣሚውን ስም ይጠራል፤ ከዚያም ቃሉን ሳይለውጥ ያደርሳል። ሶማልኛ ይፋዊ ፊደል ያገኘው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተገጠመው እጅግ የሚበዛው ግጥም ከሰው ወደ ሰው የተላለፈው በአፍ ነበር። እስከ 1920 ከእንግሊዝ ጋር ሃያ ዓመት ያህል የተዋጋው ሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን የገጠመው ዛሬም የእሱ ተብሎ ይነገራል። ብራና ሳይኖር፣ ማተሚያ ቤት ሳይኖር፣ የቅጂ መብት ሕግ ሳይኖር ባለቤትነቱ አልጠፋም። እኛ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በብዙ ገጽ መመሪያ ልናስከብረው የምንታገለውን ነገር እነዚህ ልጆች ከአያታቸው ጉልበት ሥር ሰምተውታል። ይህን ሳላይ ነው ከውጭ ማስታወሻ የማመጣላቸው የነበረው።

ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርቱን ከጆሮ ጀመርኩ። መጀመሪያ ግጥም። በአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው ስንኙ ሲያልቅ ነው። ገበይ የሚባለው የሶማሌ ግጥም ግን የሚገጥመው በቃላቱ መነሻ ድምፅ ነው። ግጥሙ «መ» ላይ ከተመሠረተ በእያንዳንዱ ስንኝ፣ በሁለቱም ግማሽ፣ በ«መ» የሚጀምር ቃል ሊኖር ይገባል። መቶ ስንኝ ቢረዝምም ድምፁ አይለወጥም። ይህን ካዩ በኋላ ቤዎውልፍን አመጣሁላቸው። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት በእጅ የተጻፈ አንድ ቅጂ ብቻ የተረፈው ይህ የጥንት እንግሊዝኛ ግጥምም የሚያያዘው በቃላት መነሻ ድምፅ ነው። የሱቋ ልጅ፣ «እንግሊዞችም ገበይ ነበራቸው?» አለች። ነበራቸው ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ እስከዚያ ቀን ለእሷ የፈተና ቋንቋ ብቻ ነበር። ያን ለታ የቤት ሥራው ስለ ነፋሱ በእንግሊዝኛ ስምንት ስንኝ፣ ሁሉም በ«ደብሊው» ድምፅ ሆነ። ለአንድ ድምፅ ሲሉ መዝገበ ቃላቱን ስንት ጊዜ እንዳገላበጡት! ስልክም ጠፍቶ አመሸ።

ስለ ፊደል ካነሳሁ ላልፈው የማልችለው አለ። እኛ አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ሐመሩን «ሐ» እና ዓይኑን «ዐ» ጠብቀን ይዘናል፤ ድምፃቸው ግን ከአፋችን ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል። ልጆቹ ሁለቱንም ይናገሯቸዋል። ሶማልኛ በላቲን ሲጻፍ «ሐ»ን በኤክስ፣ «ዐ»ን በሲ ነው የሚያሳየው። እኔ ሰሌዳ ላይ «ዐይን» ብዬ ስጽፍ ከወንድማማቾቹ ታናሹ ከጉሮሮው አውጥቶ ያነበዋል፤ ፊደሉ የቀድሞ ድምፁን ያገኛል። የአማርኛ ፊደሌን የሶማሌ ልጅ ሲያነብልኝ ሰውነቴን ይወረኛል።

ሁለተኛው ነገር ተረት ነው። የከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ የሚጠራው የጎሳ መሪ፣ ገራድ ዊል ዋል፣ በአፈ ታሪክ ይታወቃል። ሰዎቹን ከበግ ሥጋ ውስጥ ሰውን የሚያጣላውን ወይም የሚያስማማውን ክፍል አምጡልኝ ይላቸዋል። ባለጸጎቹ ጎድኑን፣ ጉበቱን፣ ታፋውን ያመጣሉ። የአንድ ድሃ ሰው ልጅ ግን አባቷን ጉሮሮውን ይዘህ ሂድ ትለዋለች። አባትየው እያፈረ ይሰጣል፤ ገራዱ የሚሻው እሱን ነበር። ስስት የሚያልፈውም፣ ተካፍሎ መብላት የሚያልፈውም በዚያው በጉሮሮ ነው። ጥበቡ የልጅቱ እንደሆነ አባቷ ይናዘዛል፤ ገራዱም የጥበቡን ባለቤት አውቆ ያከብራታል። የዚህች ልጅ ትምህርት ቤት አባቷ ቤት ነበር። ይህን ስል ሱቋን የምትጠብቀዋ ልጅ ዝም ብላ አየችኝ።

ዒጋል ሺዳድም አለ፣ በሶማሌ ተረት የታወቀው ፈሪ። ሌሊት ጉቶ አይቶ አንበሳ ይመስለዋል፤ እስኪነጋ ሲለምነው ያድራል። በሰርቫንቴስ መጽሐፍ፣ በ1605 እ.ኤ.አ. በወጣው፣ ዶን ኪሆቴ የነፋስ ወፍጮ አይቶ ግዙፍ ሰው ይመስለውና ጦሩን ይዞ ይወረወርበታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብበን፣ «የሌለ ነገር ካዩት ከሁለቱ ማን ይሻላል?» ብዬ አንድ ገጽ እንዲጽፉ አዘዝኩ። እግሩን የታመመው ልጅ ለዒጋል ተከራከረ። ዒጋል ሲነጋ ጉቶነቱን አየ፤ ዶን ኪሆቴ ግን ከፈረሱ ወድቆም ስሕተቱን ለመቀበል እምቢ አለ ብሎ ጻፈ። የሱቋ ልጅ ተቃወመችው። አልጋ ላይ የቆየ ልጅ ፍርሃትን በዚህ ልክ ማወቁ ልቤን ነካው። ጽሑፉ የሰዋስው ስሕተት ሞልቶታል። አርመነዋል፤ ግን ያረምነው ሐሳቡን ከሰማን በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው። ሰባ ተማሪ በሚታጨቅበት ክፍል አስተምሬ አውቃለሁ፤ እዚያ የማርመው ሐሳቡን ሳልሰማ ነበር።

ቤት ሁሉንም ይሰጣል ማለቴ አይደለም። መጽሐፍ የለም፤ ፎቶ ኮፒና ስልክ ላይ እንታገላለን። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከቤተ ዘመድ ውጭ የሚሞግታቸው እኩያ አለመኖሩ ነው። ለዚህ ነው የዓለም ሥነ ጽሑፍ ትርፍ ነገር ያልሆነው። መንገዷ ከማድ ቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ማድ ቤት ለሆነ ልጅ እንግዳ የሚገባላት በመጽሐፍ በር ነው። እንግዳው የቤቱን ሰው የማይመቸው ጊዜም አለ። ኑሩዲን ፋራሕ በ1945 እ.ኤ.አ. ባይዶዋ ተወልዶ ልጅነቱን ያሳለፈው በዚሁ በክልላችን፣ በስተደቡብ ቀላፎ ነው። እናቱ የቃል ገጣሚ ነበሩ፤ እሱ እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛና አማርኛ ተምሮ በ1970 የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ልብ ወለዱን አሳተመ። ባለታሪኳ ኤብላ ለሽማግሌ ልትዳር ስትል ከአርብቶ አደር ቤተሰቧ የምትጠፋ ልጅ ናት። ይህን ከልጆቹ ጋር ከማንበቤ በፊት ከቶጎ ውጫሌ የሚመላለሱትን እናት ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እኔ ባለሁበት አንብቡት» አሉኝ። ዓርብ ዓርብ ሥራ ስለማይሄዱ በየዓርቡ ተቀመጡ። አንድ ቀን ልጅቱ ስታነብ አስቆሟትና ስለ ራሳቸው ጋብቻ ነገሯት። ምን እንዳሏት እዚህ አልጽፍም፤ ቃሉ የእሳቸው ነው። እንዲህ ያለ የሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ በየትኛውም ትምህርት ቤት አላየሁም።

ከጆሮ መጀመር ዝቅ ማለት ለሚመስለው አንባቢ አንድ ነገር ላስታውስ። ስንቶቻችን ነን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማንበባችን በፊት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማነው? በዛብህና ሰብለ ወንጌል ወደ ብዙ ቤት የገቡት በጆሮ ነው።

ባለፈው ወር የቼኾቭን «ቫንካ» አነበብን። ሞስኮ ውስጥ ለጫማ ሠሪ የተሰጠ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በገና ዋዜማ ተደብቆ ለአያቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ አድራሻ ግን አያውቅም። የቤት ሥራው ባዲዬ (ገጠር) ላለ ዘመድ ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ታናሽየው ለወንድ አያቱ በሶማልኛ ጽፎ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ሶማልኛውን በስልክ አነበበላቸው። በ«ጉ» ዝናብ ወቅት ግመሎቹ በየቀኑ ውኃ ጠጡ ብሎ ነበርና ሽማግሌው አቋርጠው አረሙት። ለምለም የበላ ግመል ለሳምንታት ውኃ አይሻም። ልጁ ሁለቱንም ቅጂ አስተካከለ። በዚያ ሳምንት ከእኔ እርማት የአያቱ እርማት ይበልጥ ነበር።

ቫንካን አንብበን ስንጨርስ አዬዮ እንደ ልማዳቸው፣ «የማን ነው?» አሉ። «የአንቶን ቼኾቭ» አለች ከልጃገረዶቹ አንዷ። «አንቶን የማን ልጅ ነው?»

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ እንደ እድል መልስ ነበረኝ። ሩሲያውያንም እንደ እኛው የአባት ስም ያስከትላሉ፤ አንቶን የፓቬል ልጅ፣ ፓቬል የዬጎር፣ ዬጎር የሚኻይል። ዬጎር ገባር ነበር፣ የራሱንና የቤተሰቡን ነጻነት በገንዘብ ገዛ አልኳቸው። ልጆቹ ተረጎሙላቸው። አዬዮ ስሞቹን አንድ በአንድ፣ «አንቶን፣ ፓቬል፣ ዬጎር፣ ሚኻይል» እያሉ በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ልጅቱን፣ «ጻፊው» አሏት። ጻፈችው። ከሥሩ መስመር አሰመረችና የራሷን ሰባት አባቶች ጀመረች።