ነፃ የሆነው ለደዋዩ ነው

«ዛሬማ ከውጭ መደወል ነፃ ሆኗል» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ አንድ ጥያቄ አለችኝ፤ የምትደውለው ለማን ነው? መልሱ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛ፣ ቢሮው ዋይፋይ ያለው ወንድም ወይም ባንክ የምትሠራ እህት ነው። ለእነሱ በዋትሳፕ፣ በቴሌግራም ወይም በቫይበር መደወል ለደዋዩ ምንም አያስወጣም ቢባል ያስኬዳል። የእኔ አክስት ግን የምትኖረው ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። ስልኳ አናቱ ላይ ባትሪ መብራት ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ቀናት ይቆያል። ልጇ ያለው ሜሪላንድ። በእናትና በልጅ መካከል ነፃ የሚባል ነገር እስካሁን አልደረሰም።

እንዴት እንደሚገናኙ ላጫውታችሁ። በዓል ሲደርስ ባሕር ዳር የሚማረው የልጅ ልጇ ስማርት ስልኩን ይዞ ይመጣል። ከመምጣቱ በፊት ፓኬጅ ገዝቷል፣ ከራሱ ኪስ። ኔትወርኩ የሚሻለው ከቤቱ ጀርባ፣ ከክምሩ አጠገብ ስለሆነ ሁሉም ወደዚያ ይወጣል። የሜሪላንዱ ልጅ በቪዲዮ ይደውላል፤ ምስሉ አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ይንቀሳቀሳል። አክስቴ ስልክ ማለት ጆሮ ላይ የሚለጠፍ ነገር ነውና ትለጥፈዋለች። «እማዬ፣ ራቅ አርጊው፤ የሚታየኝ ጆሮሽ ብቻ ነው» ይላታል። ጎረቤቱ ተሰብስቧል፤ ሁሉም ተራ በተራ እንዴት ከረምክ ሊለው ይፈልጋል። የእኛ ሰላምታ ደግሞ ይታወቃል፤ ዝናቡ፣ ከብቱ፣ የተዳረው፣ ያረፈው፣ የተወለደው ሳይነሳ አያልቅም። ወደ ዋናው ጨዋታ ሊገባ ሲል ፓኬጁ ያልቃል። ሜሪላንድ ያለው ሰው ሳንቲም አላወጣም። ሂሳቡን የዘጋው ገና ተማሪ የሆነው ልጅ ነው።

ድሮ ቢያንስ ከፋዩ ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ዋሽንግተን ዲሲም ሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራና በርበሬ የሚሸጡ የሐበሻ ሱቆች ባንኮኒያቸው ላይ የስልክ ካርድ ይደረድሩ ነበር። ካርዱ በሳንቲም ይፋቃል፣ ረጅም ቁጥር ይጫናል፣ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ የቀረውን ደቂቃ ትናገራለች፤ ከዚያ ትንፋሽን ሰብስቦ 251 ነው። እዚህ በኩል ደግሞ ስልክ ያለው አንድ ጎረቤት ነበር። «ከአሜሪካ ተደውሏል!» እየተባለ ሰፈሩ በሩጫ ይታመሳል፤ እናትየው ነጠላዋን እያጣፋች ትደርሳለች፣ መስመሩ ላይ ያለው ልጅ ደቂቃው እየነደደ ይጠብቃል። ከዚያ ሁለቱም ይጮሃሉ። የአገሩን ርቀት በድምፅ ለመሸፈን ይመስል የነበረው ያ ጩኸት አሁንም ከታላላቆቻችን አልወጣም። እናቶቻችን ደግሞ ገና በሦስተኛው ደቂቃ «ገንዘብህን ጨረስከው፣ በቃ ዝጋው» ይሉ ነበር፤ ሳይጠገብ።

ያን ዘመን ግን አላሞግሰውም። ካርዱ ላይ የተጻፈው ደቂቃና ካርዱ የሚሰጠው ደቂቃ ተገናኝተው አያውቁም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ካርድ አከፋፋዮችን ፍርድ ቤት ሲያቆም፣ ገዝቶ የሞከራቸው ካርዶች ከተነገረው ደቂቃ በአማካይ ግማሽ ገደማ ብቻ ነበር የሰጡት። የቀረውን የማገናኛ ክፍያ፣ በየሳምንቱ የሚቆረጥ «የጥገና» ክፍያ እና ሽርፍራፊ ደቂቃን ወደ ላይ ማጠጋጋት ይበላዋል። ገዢው እንግሊዝኛ የማያነብ፣ ካርዱ ቢበላበት ለማን አቤት እንደሚል የማያውቅ ስደተኛ ነው፤ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። ብዙ ሰው የጥሪን ዋጋ የሚወስነው ርቀት ይመስለዋል። ከዋሽንግተን ሲለካ ዴልሂ ከአዲስ አበባ ይርቃል። ሆኖም ከአሜሪካ ወደ ህንድ ስልክ በቀጥታ መደወል በደቂቃ አንድ ሁለት የአሜሪካ ሳንቲም ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ ግን አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ልዩነቱ ያለው በር ላይ ነው። ከውጭ የመጣ ጥሪ ድንበር ሲደርስ ተቀባዩ አገር ያለው የቴሌኮም ኩባንያ «ደንበኛዬ ጋ ላደርሰው በደቂቃ ይህን ያህል ክፈሉኝ» ይላል። ይህን ማስገቢያ ዋጋ የውጭው ኩባንያ ከፍሎ፣ ትርፉን ጨምሮ፣ ሜሪላንድ ላለው ልጅ ይሸጥለታል። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ ኩባንያዎች ለድሃ አገሮች በደቂቃ ከ23 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ እንዳይከፍሉ ጣሪያ ያበጀው ይህ ዋጋ ከልክ አልፎ ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ከጣሪያው እጅግ ወርደዋል። እኛ ሰገነቱን የወደድነው ይመስላል።

ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው። ምክንያቱ ባዶ አይደለም፤ ከውጭ ጥሪ የሚገባው ዶላር ለአገር ጥሩ ገቢ ነበር። ነገር ግን ዋጋው ሲሰቀል ሌላ ንግድ ይወልዳል፤ ሲም ቦክስ። ከውጭ የተደወለው ጥሪ በኢንተርኔት ይገባና አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ኪራይ ቤት ውስጥ ያለች፣ በደርዘን የሚቆጠር ሲም ካርድ የጎረሰች ሣጥን ይደርሳል። ሣጥኗ ጥሪውን በአገር ውስጥ ቁጥር አድርጋ ትደውለዋለች። የማስገቢያው ዋጋ አልተከፈለም፤ የተከፈለው የአገር ውስጥ ጥሪ ሂሳብ ነው። በመካከል ያለው ልዩነት የሣጥኑ ባለቤት ትርፍ ይሆናል። ልጅዋ ከሜሪላንድ ሲደውል ስልኳ ላይ በ09 የሚጀምር የማታውቀው ቁጥር የሚመጣባት እናት ያየችው ይህንን ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል አጭበርባሪ በበዛበት በዚህ ጊዜ ደግሞ የማታውቀውን ቁጥር አታነሳም። ብታነሳም ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፣ የራሷ ድምፅ ተመልሶ ይጮህባታል፤ «አለህ? ትሰማኛለህ?» ሲባባሉ ጊዜው ያልፋል። ልጅየው እኮ ምንም አላጠፋም፤ ሕጋዊ ነው ብሎ ከገዛው ኩባንያ ነው የሚደውለው። ኩባንያው ጥሪውን ርካሽ መንገድ ላለው ደላላ ሲሸጠው እሱ በምን ያውቃል?

መንግሥት መልሱን በሕግ ሊሰጥ ሞክሯል። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥን ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣ ነበር፤ አገልግሎቱን የተጠቀመውም ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እስራትና የገንዘብ መቀጮ ተደንግጎለት ነበር። ያን ጊዜ ስካይፕ የከፈተ ሁሉ ሊታሰር ነው ተብሎ ዓለም ያወራብን አዋጅ ነው። ባለሥልጣናት ለግል የሚጠቀመውን ሰው አይመለከትም ብለው አስተባበሉ፤ ሲም ቦክሱ ግን አልጠፋም። ጋና እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከውጭ ለሚገባ ጥሪ በደቂቃ 19 የአሜሪካ ሳንቲም ዝቅተኛ ዋጋ በሕግ ስትደነግግ የተከተላት ነገር የሲም ቦክስ አደን ነበር። ህንድ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2018 የማስገቢያ ዋጋዋን ከ53 ፓይሳ ወደ 30 ፓይሳ አወረደች፤ አንዱ ምክንያቷ ሕገ ወጡን መንገድ አትራፊ እንዳይሆን ማድረግ ነው። በኋላ ከ35 እስከ 65 ፓይሳ ባለው ክልል እንዲወሰን ፈቅዳለች፤ ቢሆንም 65 ፓይሳ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ሣጥኑን ከመፈለግ ይልቅ ሣጥኑን የሚያስገዛውን ልዩነት ማጥበብ ይሻላል ባይ ነኝ። የእኛ ልዩነት ደግሞ እየሰፋ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ፣ በዶላር የተተመነው ማስገቢያ በብር ሲሰላ ከአገር ውስጡ ጥሪ ይበልጥ ራቀ።

የባሕረ ሰላጤውን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። እዚያ በቤት ሠራተኝነት ላሉት እህቶቻችን ችግሩ ከሁለት በኩል ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በዋትሳፕ የድምፅ ጥሪ ማድረግን ዘግታ፣ እንደ ቦቲም ያሉ ፈቃድ ያገኙ መተግበሪያዎችን ብቻ ትፈቅዳለች። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ክልከላዋን አንስታለች፤ ለዚህም ነው ሪያድ ያለች ልጅ «ኢሞ አውርዱ» የምትለው። ግን ኢሞ የሚሠራው ማዳሟ የዋይፋዩን ኮድ ከሰጠቻት ነው። ኮዱን ካልሰጠቻት፣ ወይም ስልኳን ቀን ቀን ከቆለፈችባት፣ የሌሊቱን ስድስትና ሰባት ሰዓት ትጠብቃለች። በዚያ ሰዓት እዚህ ያሉት እናትና አባት ተኝተዋል፤ ዳታቸውም ጠፍቷል። ባለ ቁልፏ ስልክ ግን ትጮሃለች። ልጅቷ ያን ጥሪ ለመክፈል ከደመወዟ ስንት እንደምትቆርጥ ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ እሷም አትነግራቸውም።

መተግበሪያው ሁሉ ዋጋ ያጣበትን ጊዜም አይተናል። አማራ ክልል ውስጥ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲዘጋ የአክስቴ ልጅ ስልክ ውስጥ ያሉት መተግበሪያዎች ሁሉ ዝም አሉ። የቀረው ተራው ጥሪ ነበር፤ እሱም ኔትወርክ ባለበት ቀን። «ደህና ናችሁ?» ለማለት በየደቂቃው ይከፍል ነበር፤ ከጭንቀቱ የተነሳ ስንት እንደወጣበት እንኳ አላሰበም። ነፃው ጥሪ በሰላሙ ቀን ብቻ የሚሠራ ነገር መሆኑን ያን ጊዜ ያልታዘበ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ውጭ ላላችሁ አንባቢዎች በመካከል ጥቂት ነገር ልበል። ማስታወቂያው «በ10 ዶላር ይህን ያህል ደቂቃ» ሲላችሁ የአንዱን ደቂቃ ዋጋ ጠይቁ፤ ደቂቃው በሰከንድ ይቆጠር ወይስ ይጠጋጋ እንደሆነ፣ ያልተጠቀማችሁበት መቼ እንደሚቃጠል አረጋግጡ። በዋትሳፕ የምትደውሉለት ሰው ፓኬጅ እየገዛ እንደሆነ አስቡና አልፎ አልፎ ከዚያው ካርድ ወይም ፓኬጅ ላኩለት፤ ዛሬ ከውጭ መላክ ቀላል ነው። ቪዲዮ ከድምፅ ብዙ እጥፍ ዳታ ይበላል፤ ፊቱን አይታችሁ ከጠገባችሁ ካሜራውን አጥፉት። ስትደውሉ እዚህ የሚታየው የትኛው ቁጥር እንደሆነ እናታችሁን ጠይቋት። 09 ቁጥር የሚመጣባት ከሆነ አገልግሎቱን ቀይሩ። ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ በደህና መስመር የሚያስገባ ኩባንያ፣ ርካሽ ሆኖ ግማሹ «ሃሎ፣ ሃሎ» ከሆነ ጥሪ ይሻላል። ስካይፕን ለምደው በክሬዲቱ ወደ መደበኛ ስልክ ይደውሉ የነበሩት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 አገልግሎቱ ሲዘጋ ሌላ መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል፤ ስለዚህ ክሬዲት ብዙ አትከምሩ።

ከዚህ ያለፈው የእናንተ ሥራ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሟል፤ ሳፋሪኮምም በ2015 መጀመሪያ አገልግሎት ጀምሮ ገበያው ሁለት ሆኗል። ሁለቱ ኩባንያዎች ለአገር ውስጥ ደንበኛ በፓኬጅ ይሻማሉ። ከውጭ የሚገባው ጥሪ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሽሚያ አይታየኝም፤ ምክንያቱም የሚከፍለው ሰው ሜሪላንድ ወይም ሪያድ ነው፣ እዚህ መጥቶ ኩባንያ አይቀይርም።

«ዋጋው ቢወርድ ገቢው ይቀንሳል» የሚለውን ክርክር እሰማለሁ። እስኪ ገቢው ዛሬ ከማን እንደሚመጣ እንየው። ስማርት ስልክና ዋይፋይ ያለው ዘመድ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ መተግበሪያው ሄዷል፤ ቀድሞ ይከፍል ከነበረው አሁን አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። በቀጥታ መስመር ላይ የቀረው ገጠር እናት ያለው፣ ኔትወርኩ የሚቆራረጥበት አካባቢ ወንድም ያለው፣ የማዳም ዋይፋይ የተከለከለች ልጅ ነው። በደቂቃ የሚከፈለው ማስገቢያ የሚሰበሰበው ከእነዚህ ነው። ባለሥልጣኑ ዋጋውን ሲመለከት ጥያቄውን ከዚህ ቢጀምር፣ ከዚያም የማስገቢያውን ተመን በይፋ ቢያወጣው፣ ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ ከሚከፍለው ውስጥ ስንቱ ለአገሩ እንደሚደርስና ስንቱ በመንገድ እንደሚቀር ቁጭ ብለን መከራከር እንችላለን።