«እሺ» ፈቃድ ነውን?

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይልቁንም ነገ ነጭ ጋውን ለመልበስ የምታስብ ተማሪ፥ ይህን የምጽፈው ለአንተ ነው።

እዚህ ፀዳ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤቴ የስኳር በሽታ ተገኘባቸው። ሐኪሙ ኢንሱሊን አዘዘና «ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት» አላቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው «እሺ» አሉ። ፍሪጅ እንደሌላቸው ሐኪሙ አልጠየቀም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ያልገባህን ጠይቅ» እያልሁ ያስተማርሁት እኔም አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልሁ። (በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ድሬሰሩ ቁስሌን ሲያጥብ «ዝም በል!» ይለኝ ነበር፤ ሳይዘልቅብኝ አልቀረም።) መድኃኒቱ ምድጃው አጠገብ ከረመ። በሁለተኛው ወር ጎረቤቴ ራሳቸውን ስተው በቃሬዛ ተወሰዱ። ሌላ ሐኪም «ትእዛዝ ለምን አላከበሩም?» ብሎ ተቆጣ።

ቢጠየቁ ኖሮ በእርጥብ አሸዋ የተከበበ የሸክላ ማሰሮ መድኃኒቱን ከቤቱ ሙቀት እንደሚያድነው ይነገራቸው ነበር።

በእኛ አገር «እሺ» ማለት ብዙ ጊዜ አከብርሃለሁ ማለት ነው እንጂ ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም። ከደንቢያም ከወገራም የሚመጣ ተማሪ ይህን ከእናቱ ቤት ያውቀዋል፤ ሐኪም ሲሆን ይረሳዋል። ሕጉ የሕመምተኛውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ግን በወረቀት ላይ ወደሚያርፍ አውራ ጣት ወርዷል።

«ወረፋው ረጅም ነው፥ ማን ጊዜ አለው?» ይሉኛል። ጊዜ የሚፈጀው አንድ ጥያቄ ነው ወይስ በቃሬዛ የተመለሰ ሰው? «ገበሬ ስለ መድኃኒት ምን ያውቃል?» የሚሉም አሉ። መድኃኒቱን አያውቅ ይሆናል፤ ቤቱን፥ ጾሙንና ኪሱን ግን ከሐኪሙ ይልቅ ያውቃል።

ጎንደር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። በ1954 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተከፈተው የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፥ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድነት ወደ ገጠር እያወጣ ያሠለጥን ነበር። እንግዲህ ዛሬም በእንግሊዝኛ የተማረውን በሽታ ለአንዲት ባልቴት በአማርኛ ማስረዳት፥ ያሉትን መንገዶች አቅርቦ «የትኛው ይመችዎታል?» ማለት፥ የሰሙትንም በራሳቸው አነጋገር መልሰው እንዲነግሩት ማድረግ ያልቻለ ተማሪ ፈተናውን አይለፍ እላለሁ። የልብ ትርታ ማዳመጥን ያልቻለውን እንጥለው የለምን?

ጎረቤቴ በሕይወት አሉ። ባለፈው ወር አብሬአቸው ስሄድ አንዲት ወጣት ሐኪም ብዕሯን አስቀምጣ «እማማ፥ በዚህ መድኃኒት የሚያስቸግርዎ ምንድን ነው?» አለቻቸው። ጎረቤቴ ጥቂት ዝም አሉ፤ ልጅቱም ጠበቀች። ከዚያ ስለ ጾሙ ይነግሯት ጀመር።