ወረቀቱ የት ይቀመጥ?

ሀዲያ፣ ሆመቾ ውስጥ አንዲት እናት «ልጄ ሳውዝ ነው» ስትል «ምን ይማራል?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። ሳውዝ፣ ደቡብ አፍሪካ ማለት ነው፣ ለእኛ ሥራ ነው፤ ሱቅ ነው፤ ለመስቀል በሬ መግዣ የሚላክ ገንዘብ ነው። እኔ ለትምህርት ወደ ጆሃንስበርግ ስሄድ አክስቴ መርቃ ከሸኘችኝ በኋላ ከበሩ መልሳ ጠራችኝና «ትምህርቱ ሲያልቅ የልጄ ሱቅ ትገባለህ አይደል?» አለችኝ። ልጇ ከእኔ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ በሞያሌ የወጣ ነው። ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን አቆራርጦ ለመግባት አራት ወር ፈጅቶበታል። እኔን አውሮፕላኑ ከአምስት ሰዓት ትንሽ በለጥ ባለ ጊዜ አደረሰኝ።

ስለዚያ አገር ቆይታዬ ሲጠይቁኝ የማወራው ስለ አንድ ሐሙስ ነው።

ጠዋት ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ነበረኝ። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1943 ሕግ ሊማር ገብቶ፣ በዘመኑ በሕግ ፋኩልቲው ብቸኛው ጥቁር አፍሪካዊ ተማሪ ሆኖ ቆይቶ፣ ዲግሪውን ሳይዝ የወጣው ከዚህ ግቢ ነው። የዕለቱ ትምህርት ስለ ታሪክ ምንጮች ነበር። መምህራችን የአፓርታይድ ፖሊስና ፍርድ ቤት የተዉትን መዝገብ አሳየችን፤ ስም፣ ቁጥር፣ የተያዘበት ቀን፣ የተበየነበት ቅጣት። ከዚያ «ይህ አሳሪው የጻፈው ነው። ታሳሪው ራሱ ያስቀመጠው የት አለ?» አለች። ጥያቄውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት እንጂ ያን ጊዜ ስለ ሆመቾ አላሰብኩም።

ምሳ ሰዓት ላይ እዚያው ግቢ ውስጥ ያለው የኦሪጅንስ ሴንተር ሙዚየም ገባሁ። የሳን ሕዝብ በዋሻና በድንጋይ ላይ የሣላቸው እንስሳት፣ የድንጋይ መሣሪያዎች፣ የሰው ልጅ አመጣጥ ታሪክ አለ። የታውንግ ሕፃን የሚባለው የራስ ቅል እ.ኤ.አ. በ1924 ተገኝቶ በማግስቱ ዓመት ለዓለም ያስተዋወቀው የዚሁ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሬይመንድ ዳርት ነው፤ ቅሉም እስከ ዛሬ የሚጠበቀው በዩኒቨርሲቲው ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት አላመኑትም ነበር። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው ከታውንግ ሕፃን 50 ዓመት ቆይታ ነው። እዚያ ቆሜ የተሰማኝ ኩራት ነበር፤ የእኛም ስም እዚህ ታሪክ ውስጥ አለ ብዬ። ከሙዚየሙ ስወጣ ስልኬ ጠራ።

የአክስቴ ልጅ ነው። የጥገኝነት ወረቀቱን ለማሳደስ ሌሊት ተነሥቶ ሄዶ፣ ሰልፉ ሳይደርሰው በሩ ተዘግቶ ተመልሷል። «መምህር፣ ዛሬ ሱቅ የመክፈት ልብ የለኝም። የት ነህ?» አለኝ።

ብራምፎንቴን ተገናኘንና ኮንስቲቲውሽን ሂል ይዤው ሄድኩ። ከዩኒቨርሲቲው በእግር ሩቅ አይደለም። ድሮ ምሽግና እስር ቤት የነበረ ኮረብታ ነው። ጋንዲ ታስሮበታል። ማንዴላም እ.ኤ.አ. በ1962 የታሰረው እዚሁ ምሽግ ውስጥ ነው፤ ያውም ከእኛ አገር በተመለሰ በሳምንታት ውስጥ። ኮልፌ ከኮሎኔል ታደሰ ብሩ ዘንድ የጦር ሥልጠና ወስዶ፣ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ኢትዮጵያ የሰጠችውን ፓስፖርት ይዞ የተጓዘ ሰው ነው። ይህን ስነግረው የአክስቴ ልጅ ቆም አለና «እኛ ነን ወረቀት የሰጠነው?» አለኝ። አዎ፣ እኛ ነን አልኩት።

ቁጥር አራት የሚባለው የጥቁሮች እስር ቤት እ.ኤ.አ. በ1983 እስኪዘጋ ድረስ ከታጎሩበት ሰዎች ብዙዎቹ ሌላ ወንጀል አልነበራቸውም፤ ፓስ የሚባለውን ደብተር አልያዙም ወይም ፓሳቸው ጊዜው አልፏል። ዕድሜው 16 የሞላ ጥቁር ሁሉ በገዛ አገሩ ያን ደብተር ኪሱ ውስጥ ይዞ መዞር ግዴታው ነበር። ክፍሎቹ እንዳሉ ናቸው። ለየዘሩ የሚሰፈረው ምግብ ተጽፎ ይታያል። አንዱ ክፍል ውስጥ በብርድ ልብስ የተሠራ ታንክ አለ። እስረኞቹ የተሰጣቸውን ብርድ ልብስ እያጠፉና እየጠቀለሉ ልዩ ልዩ ቅርፅ ይሠሩበት ነበር፤ በኋላም የቀድሞ እስረኞች ለሙዚየሙ ደግመው ሠሩት።

የአክስቴ ልጅ ከዚያ ብርድ ልብስ አልላቀቅ አለ። እንደገባ ሁለት ዓመት ሙሉ ሎኬሽን ወጥቷል። የእኛ ልጆች ከከተማ ወጣ ያሉትን የጥቁሮች መንደሮች ሎኬሽን ነው የሚሏቸው። ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ ተሸክሞ ከበር በር እየዞረ በዱቤ ሸጧል፤ ወር ሲሞላ ገንዘቡን ሊሰበስብ ሄዶ በጩቤ ተወግቷል። «የተሸከምኩት ይህንኑ ዓይነት ነው» አለኝና ወደ መግለጫው ጠጋ ብሎ ፊደል በፊደል አነበበ።

ስለ ፓሱ የሚተርከው ክፍል ጋ ስንደርስ ከደረት ኪሱ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። እጥፋቱ ላይ ስለሳሳ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ማኅተም በማኅተም ላይ ተደራርቦበታል። ከመስታወቱ አጠገብ አድርጎ ያዘውና ዝም አለ። ያን ቀን ጠዋት የተመለሰው ያ ወረቀት ስላልታደሰ ነው። ፖሊስ ቢያስቆመው ከእጁ የሚጠየቀውም ያው ወረቀት ነው።

ስንወጣ በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ አጠገብ አለፍን። ከፍርድ በፊት እስረኞች ይቆዩበት የነበረውን ሕንፃ አፍርሰው፣ ጡቡን ለቅመው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተውን የአገሪቱን ከፍተኛ ችሎት ሠርተውበታል። ጡቡን በእጁ ዳሰሰው። ከዚያ በእግራችን ወደ ጂፒ ወረድን። ጂፒ የእኛ ሰዎች ሰፈር ነው፤ ድሮ የሐኪሞች ክሊኒክ የነበረው ሜዲካል አርትስ የሚባለው ሕንፃ ሳይቀር ሱቅ በሱቅ ሆኗል፤ እንጀራው፣ ቡናው፣ አማርኛው፣ ሀዲይኛው፣ ከምባትኛው እንደ ሆሳዕና ገበያ ነው። መንገዱ ዳር ያለው ሰሌዳ ግን ጂፒ አይልም፤ «ራሂማ ሙሳ» ይላል። ራሂማ ሙሳ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1956 ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን ይዘው ፕሪቶሪያ ወደሚገኘው የመንግሥት መቀመጫ ከተመሙት መሪዎች አንዷ ናት። የተመሙት የፓስ ሕጉን ተቃውመው ነው። የአክስቴ ልጅ ከዚያ ሰሌዳ ሥር ለዓመታት ነግዷል፤ ማን እንደሆነች ያወቀው ያን ቀን ነው። ማታ ሱቁ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣን ለጎረቤት ነጋዴዎች እየደጋገመ ሲነግራቸው ሰማሁት።

የመምህሬ ጥያቄ የተመለሰልኝ እዚያ በረንዳ ላይ ነው። ያ ሕዝብ ብርድ ልብሱን፣ የምግብ ሰሌዳውን፣ የእስር ቤቱን ጡብ ሳይቀር አስቀምጧል። የእኛ ልጆች የመጡበት መንገድ የት ተቀምጧል?

አገር ቤት ከተመለስኩ በኋላ የሰማሁትንና ያየሁትን ልናገር። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የወጡት 14 ናቸው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ማላዊ ምዚምባ ውስጥ ከ25 በላይ አስከሬን የያዘ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ናቸው ተብሎ ይታመናል። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር በእኛ አካባቢ ልጇ መንገድ ላይ ያለ እናት ሁሉ እህል አይወርድላትም። አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ጠረጴዛ ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና መግቢያ ካርድ ፎቶ ብቻ ነበር። ልጁ ስንት ቀን በጫካ እንደተጓዘ፣ ማን እንደሸኘው፣ የመጨረሻ ስልኩን ከየት እንደደወለ የጻፈ የለም። አባትዬው ሲሞቱ ያም ይጠፋል።

ሰው ስለ ሳውዝ ሲያወራ ወይ ስለ ተሠራው ፎቅ ነው፣ ወይ ስለ ደላላው ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተደረገው ጉዞ ታሪክ ነው ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ፤ ታሪክ ደግሞ ቤት ያስፈልገዋል። ሆሳዕና ዛሬ የክልል መቀመጫ ናት፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም አለን። የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። ሆመቾ፣ ጊምቢቹ፣ ዱራሜ፣ አንጋጫ ወርደው ከተመላሾችና ከእናቶች ጋር ይቀመጡ፣ ድምፃቸውን ይቅረጹ። አንድ ክፍል፣ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ መዝገብ ይበቃል ለመጀመሪያ።

ወላጆችም የልጃችሁን ጫማ፣ ከመንገድ የደወለበትን ቁጥር የጻፋችሁበትን ብጣሽ፣ የላከውን ፎቶ አትጣሉ። ከጀርባው ስሙንና ቀኑን ጻፉበት። ውጭ አገር የምትማሩ ልጆቻችንም ከክፍል ስትወጡ ሙዚየም ግቡ፤ ስትገቡ ደግሞ ከሱቅ ወጥቶ የማያውቅ አንድ የአገራችሁን ልጅ ይዛችሁ ግቡ።

ልመለስ ስል የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያ ወረቀቱን ኮፒ ሰጥቶኝ ነበር፤ «እማዬ ጋ ይቀመጥ» ብሎ። አክስቴ ማንበብ አትችልም። በነጠላ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ በሄድኩ ቁጥር አውጥታ ቀኑን ታስነብበኛለች።