የሚጠየቅ ፖሊስ ይታመናል

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ፖሊስ የወጡትን ሁለት የአንባቢ ደብዳቤዎች አነበብኩ። አንደኛው ጸሐፊ ሕግ አክብሮ የሚኖር ሰው አሜሪካ ውስጥ ፖሊስን የሚፈራበት ምክንያት የለም ይላሉ። ሁለተኛዋ ጸሐፊ ደግሞ ጥቁር ልጅ ያላት እናት ፖሊስን ልትሸሽ እንጂ ልታምን አይገባትም ባይ ናቸው። ሁለቱም ከልባቸው ጽፈዋል። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ መድረሻቸው ግን አንድ ነው፤ ዝምታ። ሙሉ በሙሉ ያመነ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? ተስፋ የቆረጠስ ማን ይሰማኛል ብሎ ያመለክታል? እኔ የምለው ፖሊስ የሚታመነው በሚጠየቅበት ልክ ነው፤ እንዲጠየቅ የማድረጉም ሥራ ከእኛ ከነዋሪዎቹ ትከሻ አይወርድም።

በመጀመሪያ ለአንደኛው ጸሐፊ ለወንድሜ መልስ ልስጥ። ማርች 14 ቀን 2017 ሲቪል የለበሱ የከተማችን የፍሪሞንት (ካሊፎርኒያ) ፖሊሶች አንድ ተፈላጊ ሊይዙ ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ሄይዋርድ ሄዱ። ተፈላጊው መኪናውን አስነስቶ ሊያመልጥ ሲል ተኮሱ። የሞተችው ግን አብራው የነበረች ተሳፋሪ ናት። ዕድሜዋ 16 ነበር፤ ነፍሰ ጡርም ነበረች። ቤተሰቧ ከሰሰ፤ ክሱም ዓመታት ፈጀ። በኖቬምበር 2022 የፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ በፖሊሶቹ ላይ ቸልተኝነት አግኝቶ የ21 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰነ። እኛ ፍሪሞንት የምንኖር አበሾች ቡና ላይ ስለ ቤት ዋጋና ስለ ትምህርት ቤቶቹ ደረጃ አንስተን አንጠግብም። ስለዚህች ልጅ ግን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ፖሊሶቹ የእኛው ከተማ ናቸው፤ ደመወዛቸውም የሚወጣው ከምንከፍለው ግብር ነው።

ለሁለተኛዋ ጸሐፊ ለእህቴ ደግሞ የምነግራት ከኦክላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኪት ባት የሚባል አዲስ ምልምል ፖሊስ ዌስት ኦክላንድ የሌሊት ፈረቃ ተመደበ። አብረውት የተመደቡት "ራይደርስ" እየተባሉ የሚጠሩ ነባር ፖሊሶች ነበሩ። ሰው ሲደበድቡ፣ በንጹሕ ሰው ላይ አደንዛዥ ዕፅ እንደተገኘ ሲያስመስሉ፣ የሐሰት ሪፖርት ሲጽፉ አየ። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሥራውን ለቀቀና ያየውን ተናገረ። የወንጀሉ ክስ ሁለት ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርቦ አንድም ሰው ጥፋተኛ ሳይባል ቀረ፤ ከአራቱ ተከሳሾች አንዱማ ከአገር ኮብልሎ ችሎትም አልቀረበም። እህቴ፣ እዚህ ላይ "አላልኩም?" እንደምትይኝ አውቃለሁ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ጠበቆቹ ጆን በሪስና ጂም ቻኒን 119 ተበዳዮችን ይዘው በፍትሐ ብሔር ከሰሱ። ከተማዋ ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሳ ከመክፈሏም በላይ በጃንዋሪ 2003 የፖሊስ መምሪያዋን ለማስተካከል ውል ገባች። ከዚያ ወዲህ ከ20 ዓመት በላይ የፌዴራል ዳኛና ተቆጣጣሪ ከኦክላንድ ፖሊስ ራስጌ አልተነሱም። ያ ምልምልስ? ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ፕሌዘንተን ሄዶ እዚያ ፖሊስ ሆነ። "ሁሉም አንድ ናቸው" ካልን እሱንም ከደብዳቢዎቹ ጋር ደምረነዋል ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ጎን የራሳችንን ላስታውስ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1997ቱ ምርጫ ማግስት በአዲስ አበባና በአንዳንድ የአገሪቱ ክፍሎች ስለፈሰሰው ደም እንዲያጣራ የተሰየመው ኮሚሽን የ193 ሲቪሎችንና የ6 ፖሊሶችን ሞት መዝግቧል። የኮሚሽኑ ምክትል ሰብሳቢ የነበሩት ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ያንን ለዓለም ሊናገሩ የቻሉት ከአገር ከወጡ በኋላ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው። እዚህም ፖሊስ ይበድላል፤ እዚህም ተበዳይ ተጉላልቶ ይቀራል። እውነቱን ያወጣ ሰው ግን አገር ጥሎ መሰደድ አላስፈለገውም። የተከፈተ በር አለ ማለት ነው፤ ችግሩ እኛ አለመግባታችን ላይ ነው።

በሩ ደግሞ ራሱን አልከፈተም። ኦስካር ግራንት የሚባለው ወጣት በ2009 የአዲስ ዓመት ሌሊት ፍሩትቬል በሚገኘው የባርት ባቡር ጣቢያ በደረቱ ተኝቶ ሳለ ፖሊስ ሲተኩስበት የቀረጹት ተራ ተሳፋሪዎች በስልካቸውና በካሜራቸው ነው። ባርት ገለልተኛ የፖሊስ ኦዲተር ያቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ ካሊፎርኒያ ውስጥ የአንድን ፖሊስ የጥፋት መዝገብ ማየት ለተራ ሰው የማይታሰብ ነበር። በወቅቱ የበርክሌይ ሴናተር የነበሩት ናንሲ ስኪነር ያቀረቡት ኤስቢ 1421 የተባለው ሕግ ግን ከ2019 ጀምሮ የተኩስን፣ ከባድ ጉዳት ያስከተለ ኃይልን፣ ወሲባዊ ጥቃትንና ሐሰተኛ ሪፖርትን የሚመለከቱ መዝገቦችን ከፈተ። ከ2023 በፊት አንድ ከተማ ያባረረችው ፖሊስ ሌላ ከተማ ሄዶ ይቀጠር ነበር። ዛሬ ኤስቢ 2 በሚባለው ሕግ መሠረት የግዛቱ የፖሊስ ደረጃ ኮሚሽን በከባድ ጥፋት ፈቃዱን ነጥቆ ከሙያው ሊያስወጣው ይችላል፤ ስሙም በይፋ ይወጣል። እነዚህን ሕጎች ያስወጡት ልጃቸውን የቀበሩ እናቶች፣ ጠበቆችና ጋዜጠኞች ናቸው። እኛ የደረስነው ማዕዱ ከቀረበ በኋላ ነው፤ እጃችንን ታጥበን መቅረብ እንኳ አቃተን።

ለምን እንዳቃተን አንድ ነገር ላንሳ። የማውቀው ወጣት፣ የቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ ከሥራ ሲመለስ ማታ በአንድ የአካባቢያችን ከተማ ፖሊስ አስቆመው። "ከየት ነው የምትመጣው? መኪናው የማን ነው?" የሚል ጥያቄ ቀደመ። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የሚሠራው የካሊፎርኒያ ሕግ አፋጣኝ አደጋ ከሌለ በቀር ፖሊሱ ስለ ወንጀል ወይም ስለ ትራፊክ ጥፋት ከመጠየቁ በፊት ያስቆመበትን ምክንያት እንዲናገር ያስገድደዋል። ልጁ ይህንን ያውቃል፤ በትሕትናም ጠየቀ። መልሱ ከመኪና ወርዶ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥ የሚል ሆነ። መኪናው ተፈተሸ፤ የተገኘም የተጻፈም ነገር የለም፤ ቲኬት እንኳ አልተሰጠውም፤ "ሂድ" ተባለ። ልጁ ቅሬታ ሊያስገባ ቢነሳ አባቱ ለመኑት። "ተወው ልጄ፣ በሰላም ቤትህ ገብተሃል፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።" ተወው።

አባትየውን አልወቅስም፤ ያዩትን አይተዋል። ነገር ግን የዚያ ምሽት ጉዳይ ቅሬታ ሆኖ የትም አልተመዘገበም። ያው ፖሊስ በሚቀጥለው ወር የሌላ ሰው ልጅ ጠርዝ ላይ ቢያስቀምጥ ያ "የመጀመሪያው ቅሬታ" ይሆናል፤ አለቃውም "ንጹሕ መዝገብ ያለው ሰው ነው" ብሎ ይመሰክርለታል። ዝም ባልን ቁጥር ለክፉው ፖሊስ የምስክር ወረቀት እየጻፍን ነው።

የቅሬታው ሥራ ደግሞ ከሚፈራው ይቀልላል። በካሊፎርኒያ ሕግ እያንዳንዱ የፖሊስ መምሪያ የነዋሪ ቅሬታ የሚቀበልበትና የሚመረምርበት ሥርዓት ሊኖረው፣ ሥርዓቱንም ጽፎ ለሕዝብ ሊያቀርብ ግዴታው ነው። አቤት ለማለት ዜግነት አይጠየቅም። ሰዓቱን፣ መንገዱን፣ የፖሊሱን ስም ወይም የባጅ ቁጥር፣ የመኪናውን ቁጥር፣ የተባለውን በተባለበት ቃል መጻፍ ነው። የደረት ካሜራው ቅጂ እንዲታይ መጠየቅም ያስፈልጋል። ውሳኔው በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ ውጤቱ ለአመልካቹ በጽሑፍ ይደርሰዋል። መዝገቡ ቢያንስ 5 ዓመት ይቀመጣል፤ ጥፋቱ ከተረጋገጠ ደግሞ 15 ዓመት። ከተማዋን ካሳ ለመጠየቅ የሚያስብ ግን ሌላ ማመልከቻ አለው፤ ለአካል ወይም ለተንቀሳቃሽ ንብረት ጉዳት ጊዜው 6 ወር ብቻ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ጠበቃ ያማክር።

"ሌባው አስቸግሮናል፤ ፖሊስ ካስቀየምን ማን ይደርስልናል?" የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኦክላንድ ውስጥ መስታወት ያልተሰበረበት የኡበር ሾፌር፣ ያልተዘረፈ የሱቅ ባለቤት ማግኘት ይከብዳል፤ ስንጠራቸው እንዲመጡ እንፈልጋለን። ግን ፖሊስ ሌባ የሚይዘው ምስክር ሲያገኝ ነው፤ ምስክርም የሚናገረው የሚሰማውን ሰው ሳይፈራ ሲቀር ነው። ለዚህ ነው በ2018 ሥራ ላይ የዋለው ኤስቢ 54 የአካባቢ ፖሊስ የሰውን የኢሚግሬሽን ሁኔታ እንዳይጠይቅ የከለከለው። ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው ዘረፋ አይቶ ስልክ ለማንሳት ከፈራ ያተረፈው ዘራፊው ብቻ ነው። ስለዚህ በደለኛውን ፖሊስ መጠየቅ ደህናውን ማገዝ ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁታል። ድሮ ሁለት ሰው ሲጣላ መንገደኛው "በሕግ አምላክ!" ሲል ጉልበተኛውም ቀጥ ይል ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። ዳኛው መልካም ሰው መሆኑን አስቀድሞ ያረጋገጠላቸው የለም፤ ችሎት ፊት መቆም ደንብ ስለነበረ እንጂ። ንጉሥ አይከሰስም ያለው ሕዝብ ያው ራሱ ነው። ለልጆቻችን ከሁለቱ የትኛውን እንደምናወርስ መምረጥ የእኛ ፈንታ ነው።

በመጨረሻ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛው ለከተማችን ነው። ሳን ሆዜ ከ1993 ጀምሮ የቅሬታ ምርመራዎችን የሚከልስ ገለልተኛ የፖሊስ ኦዲተር አላት። የኦክላንድ ነዋሪዎች በኖቬምበር 2016 ድምፅ ሰጥተው የሲቪል ኮሚሽን አቋቁመዋል፤ ኮሚሽኑም በ2020 ከከንቲባዋ ጋር ሆኖ የፖሊስ አዛዥ አሰናብቷል። ከሁለቱ መካከል ያለችው ፍሪሞንት እንዲህ ያለ ሥልጣን ያለው ኮሚሽን የላትም፤ ቅሬታውን የሚመረምረው ያው ፖሊስ መምሪያው ነው። ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም። የከተማችን ምክር ቤት ቢያንስ እንደ ሳን ሆዜው ያለ ገለልተኛ ኦዲተር እንዲሾም መጠየቅ አለብን።

ሁለተኛው ለእኛ ነው። የአበሻ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችም፣ የቅሬታውን ቅጽ በአማርኛና በትግርኛ አስተርጉመው ያስቀምጡ፤ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸውን አባትና እናት የሚያግዝ አንድ ወጣት ይመደብ። ከ2023 ወዲህ በካሊፎርኒያ ፖሊስ ለመሆን በሕግ የመሥራት ፈቃድ እንጂ ዜግነት ግዴታ አይደለምና ሙያውን የሚወድ ልጅ ካለን እንምረቀው እንጂ አናሳቀው። የፍሪሞንት ምክር ቤት ስብሰባ ማክሰኞ ማታ ነው፤ ከሕዝብ መካከል መናገር ለፈለገ ሁሉ ጊዜ ይሰጣል። ለኦዲተሩ ጥያቄ የሚነሳ ሁለት ሦስት ሰው ከተገኘ እኔም አብሬ ለመቆም ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከፍሪሞንት