ባለቤቱ በሌለበት ጊዜ ስለ ቤት ኮምፒዩተር አጠባበቅ

የቤት እመቤት ከቤት ስትወጣ ጓዳውን ቈልፋ፣ ሳጥኑን ዘግታ፣ ቍልፉን በወገቧ አስራ መሄዷ በአገራችን የቆየ ሥርዓት ነው። ይህንም ማድረጓ በቤት የሚቀረውን ሰው ሁሉ እንደ ሌባ በመቍጠር ሳይሆን፣ ዕቃ በጠፋ ጊዜ ንጹሑ ሰው በከንቱ እንዳይጠረጠር በማሰብ ነው።

ዛሬ ግን የቤተ ሰብ ምስጢር በሳጥን ብቻ የሚቀመጥ አይደለም። የባንኩ ሒሳብ፣ የልጆቹ ፎቶግራፍ፣ ከዘመድ የተላከው ደብዳቤ፣ ከመሥሪያ ቤት የመጣውም ጽሑፍ በጠረጴዛ ላይ በተቀመጠው ኮምፒዩተር ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። ይሁን እንጂ ጓዳውን የሚቈልፈው ሰው ይህን ሳጥን ብዙ ጊዜ ክፍቱን ትቶት ይወጣል።

ለምሳሌ በመካኒሳ አቦ ሰፈር ያለውን ኑሮ እንመልከት። ወር በገባ በ5 ቀን፣ ይልቁንም ጥቅምት 5 ቀንና መጋቢት 5 ቀን፣ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል የቤቱ ታላላቆች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቤቱ ለልጆችና ለእንግዳ ይቀራል። እንግዳን ደግሞ «አትንካ» ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የጎረቤት ልጅ የ12ኛ ክፍል የፈተና ውጤቱን በኢንተርኔት ለማየት ይመጣል፤ የእኅት ልጅ የሥራ ማመልከቻ ሊጽፍ ይቀመጣል፤ ሕፃኑም ጨዋታ ይከፍታል። ሦስቱም የመጡት ለደግ ነገር ነው። ጉዳቱ የሚነሣው ሁሉም በባለቤቱ ስም ስለሚገቡ ነው። ሕፃኑ ሳያውቅ ፋይል ቢደመስስ፣ ከማይታወቅ ቦታ የተገኘው ጨዋታ ክፉ ፕሮግራም ይዞ ቢገባ፣ ወይም በባለቤቱ አድራሻ መልእክት ቢላክ፣ ኮምፒዩተሩ የሚመሰክረው በባለቤቱ ላይ ነው።

ነገሩ ለመንግሥት ሠራተኛ የበለጠ የከበደ ነው። የራሱ ደብዳቤ ቢገለጥ ጉዳቱ በራሱ ላይ ይቀራል፤ ወደ ቤት ይዞት የገባው የባለጉዳይ ፋይል ግን የሌላ ሰው አደራ ስለ ሆነ፣ ቢባክን «ልጆች ነክተውት ነው» ብሎ መመለስ አይቻልም።

ሕጉም ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የሰው የግል ሕይወት፣ የሚጻጻፈውም ሁሉ፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገው ግንኙነት ጭምር እንዳይደፈር ደንግጓል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 ደግሞ፣ ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ፣ አስቦ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር የገባ ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት፣ ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም በሁለቱም እንዲቀጣ ያዛል። «ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ» የሚለውን ቃል ልብ ማለት ይገባል፤ የፈተና ውጤት እንዲያይ የተፈቀደለት ሰው የባለቤቱን ደብዳቤ ቢከፍት ፈቃዱን አልፏልና። ነገር ግን የእኅቱን ልጅ በፍርድ ቤት ማቆም የሚወድ ማን ነው? ስለዚህ አስቀድሞ መጠበቅ ከክስ ይሻላል።

«የይለፍ ቃል» የሚለው ስም ከወታደር ዘብ የመጣ ነው፤ ቃሉን የማያውቅ በሌሊት አያልፍም። ይህን ልማድ ወደ ኮምፒዩተር ካስገቡት መካከል በአሜሪካ በኤም አይ ቲ የነበሩት ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልንጀሮቻቸው ይገኛሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ሰዎች በአንድ ትልቅ ኮምፒዩተር እየተካፈሉ ሲሠሩ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ የይለፍ ቃል ተሰጠው። በ1962 ግን አለን ሸር የተባለ ተማሪ በሳምንት የተፈቀደለት 4 ሰዓት አልበቃው ቢል፣ የሁሉንም ቃል የያዘውን ፋይል በወረቀት አሳትሞ በሌሎች ስም ይሠራ ጀመር። ይህ ሰው ድርሻው ያነሰበት ትጉ ተማሪ ነበር። ከዚህም የምንረዳው፣ በሩን ከመቈልፍ ጋር ለቤተ ሰቡ በቂ ድርሻ መስጠት እንደሚያስፈልግ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ለአንባቢዎቻችን እናሳስባለን።

1ኛ፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ለያንዳንዱ ሰው የተለየ መግቢያ ይከፈት፤ ለእንግዳም አንድ ይዘጋጅ። ሙሉ ሥልጣን ያለው መግቢያ የባለቤቱ ብቻ ይሁን። በማክ ኮምፒዩተር የእንግዳው መግቢያ ሲዘጋ እንግዳው የሠራው ሁሉ ስለሚጠፋ፣ ሥራውን አስቀድሞ እንዲወስድ ይነገረው።

2ኛ፤ የይለፍ ቃሉ የአባት ስም አይሁን፤ በአገራችን የአባት ስም ከራስ ስም ቀጥሎ የሚጠራ ስለ ሆነ የማያውቀው የለም። የስልክ ቍጥርና የልደት ዓመትም እንዲሁ ናቸው። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላትን መርጦ ማያያዝ ለማስታወስ ይቀላል፤ ለገማቹም ይከብደዋል።

3ኛ፤ ቡና ተፈልቶ ሲጠሩም ቢሆን ሳይዘጉ ከወንበር አይነሡ። በዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቍልፍ ከኤል ፊደል ጋር መጫን ይበቃል። ቢረሳም ከ5 ደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲዘጋ ማዘዝ ይቻላል።

4ኛ፤ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው፣ የይለፍ ቃል ብቻውን ዲስኩን ነቅሎ በሌላ ኮምፒዩተር የሚያነበውን ሰው እንደማያግደው ይወቅ። ለዚህ በዊንዶውስ ቢትሎከር፣ በማክ ፋይልቮልት የሚባለው ዘዴ በዲስኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ምስጢር ፊደል ይለውጣል። የማስመለሻው ቍጥር ከጠፋ ግን ባለቤቱ ራሱ ሊከፍተው የማይችልበት ጊዜ ስለሚኖር፣ በወረቀት ተጽፎ ከኮምፒዩተሩ ርቆ ይቀመጥ።

5ኛ፤ ሕመምና ሞት ያለ ነውና፣ ለቤተ ሰብ የሚያስፈልገው የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ከቤቱ ካርታ ጋር ይቀመጥ፤ ባልና ሚስትም ቦታውን ይወቁት። ይህ ባለመደረጉ የሟች ፎቶግራፍና ሰነድ ለልጆቹ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

ይህን ሁሉ ስናደርግ ለቤተ ሰቡ በግልጽ መንገር ይገባል። ምክንያቱ ሳይነገረው በሩ ተዘግቶበት ያገኘ ሰው ተጠረጠርሁ ብሎ ያዝናል፤ የራሱ መግቢያ የተሰጠው ግን ተከበርሁ ይላል። ከዚህም በቀር የቤቱ ጌታ ለራሱ የሚወደውን ክብር ለሌላው ሊነፍግ አይገባውም። ትንሹን ሕፃን አጠገቡ ተቀምጦ ይምራው፤ የሚስቱንና ለአካለ መጠን የደረሰ ልጁን ደብዳቤ ግን ሳይፈቀድለት አይክፈት።