የተማሪው ስልክ ከየት መጣ?



እንደሚታወቀው ሁሉ በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድና ስለ ቅሬ መዋጮ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ግን በየቤታችን ያለ፣ ሆኖም በአደባባይ የማይወራ ነው። ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆቻችን የሚይዙት ስልክና ላፕቶፕ በምን ገንዘብ ይገዛል? በልጁ ሥራ ነው? በወላጅ ድጋፍ ነው? ወይስ ማንም በማያውቀው መንገድ? ይህን መጠየቅ ሐሜት የሚመስለው ሰው ቢኖር አይደለም እንለዋለን። ልጅ የሁላችን ነው፤ የጎረቤት ልጅ ሲጠፋ ዝም ብሎ የሚያይ ሰፈር የራሱም ልጅ ሲጠፋ የሚነግረው አያገኝም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ዕቃው ቅንጦት ብቻ አይደለም። አንዳንድ አባቶች «እኛ በአንድ ደብተርና በአንድ እስክሪብቶ ተምረናል፤ ለዛሬ ልጅ ምን ጎደለበት?» ይላሉ። አባባሉ እውነት አለው፤ ጊዜው ግን ሌላ ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል፤ ፈተናውም የሚሰጠው በኮምፒዩተር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ኮምቦልቻ ወርዶ ምሕንድስና የሚማር ልጅ ንድፉን የሚሠራው በኮምፒዩተር ነው፤ ደሴ የሚማረውም ቢሆን የመምህሩን ጽሑፍ የሚቀበለው ብዙውን ጊዜ በስልኩ ነው። ስለዚህ ልጁ «ያስፈልገኛል» ሲል ሁልጊዜ ያታልላል ማለት አይቻልም።

ችግሩ ዋጋው ላይ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ወጪ መጋራት የሚባለውን ውል ይፈርማል፤ የምግቡን፣ የመኝታውንና የትምህርቱን ድርሻ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ይህ ለድኻ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ውሉ ላፕቶፕ አይገዛም፤ ስልክ አይገዛም። በግል ኮሌጅ የሚማረው ደግሞ ክፍያውም ራሱ ከወላጅ ኪስ የሚወጣ ነው። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ነውና ዋጋው ከዶላሩ ጋር ወደ ላይ ወጣ። በግ አርብቶ፣ ገብስና ድንች ሸጦ፣ ወይም በቀን ሥራ ለሚኖር ወላጅ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

እንግዲህ በዕቃው አስፈላጊነትና በዋጋው ክብደት መካከል ነው ውሸት የሚገባው። ውሸቱም በሦስት በር ይገባል።

የመጀመሪያው በር በልጁ በኩል ነው። «ለትምህርት ቤት የሚከፈል አለ» ብሎ ያልተጠየቀውን ገንዘብ መጠየቅ፣ የመጽሐፉን ዋጋ እጥፍ አድርጎ መናገር፣ ለላፕቶፕ የተላከውን በአዲስ ስልክ ለውጦ «ላፕቶፑ ተበላሸ» ማለት። እናት ደግሞ ኮሌጅ ምን እንደሚያስከፍል ስለማታውቅ ታምናለች፤ በግ ታስነዳለች ወይም ከጎረቤት ትበደራለች። ልጁ ያታለለው ቢሮ ወይም ነጋዴ አይደለም፤ ፊደል ያልቆጠረችውን እናቱን ነው። አለማወቋን መጠቀሚያ ማድረግ ደግሞ የተማረ ሰው ሥራ ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛው በር በወላጅ በኩል ነው። ይህን ስንጽፍ ማንንም ለማስቀየም አይደለም፤ ግን እውነቱ ይነገር። «ልጄ ከጓደኞቹ አንሶ እንዳይታይ» ብሎ አቅሙን የሚደብቅ ወላጅ አለ። ያለበትን ዕዳ ሳይናገር ውድ ስልክ ይገዛል፤ ልጁም ቤቱ ሙሉ መስሎት በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይጠይቃል። እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር የሚለውን ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን። አቅምን ለልጅ መንገር ውርደት አይደለም። «ይህን ያህል አለን፤ ከዚህ በላይ የለንም» የተባለ ልጅ ቢያዝንም ያስባል፤ ያልተነገረው ልጅ ግን ምንም የሚያስብበት ነገር የለውም።

ሦስተኛው በር ከውጭ ነው፤ ከሁሉም የሚያሰጋው እሱ ነው። ለሴት ልጃችን ውድ ስልክ የሚሰጥ፣ ዕድሜው ከአባቷ የሚስተካከል «ዘመድ» ሲመጣ ስጦታው በኋላ ምን እንደሚያስከፍል አዋቂ ሁሉ ያውቃል። ልጂቱን ከመውቀስ በፊት ሰጪውን መጠየቅ ይገባል። ለወንዱ ልጅ ደግሞ በግማሽ ዋጋ የሚቀርብ፣ ደረሰኝ የሌለው፣ ቻርጀሩ የጠፋ ላፕቶፕ ይመጣለታል። ርካሽ የሆነው ባለቤቱ እያለቀሰበት ሊሆን ይችላል።

ይህ ነገር በሀገር ደረጃ የተፈተነበትን ሌሊት እናስታውስ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት ለቅዳሜ አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አሠራር ላይ ችግር ተፈጠረና ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ወደ ሌላ ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ በረረ። በየግቢው ተማሪዎች ከእንቅልፋቸው ተነስተው በገንዘብ ማውጫው ማሽን ፊት ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ነገሩ ከውጭ የመጣ ጥቃት አልነበረም፤ ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብም 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው የወሰዱትን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከገንዘቡ ሦስት አራተኛ ያህሉ ተመለሰ። ሺዎች በፈቃዳቸው መለሱ። ያልመለሱትን ደግሞ ባንኩ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አውጥቶ በየቅርንጫፉ ለጠፈ። አንድ ወጣት ለሥራ ሊያመለክት ሲሄድ ስሙ በባንክ በር ላይ ተለጥፎ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ለማሰብ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም።

ከዚህ ሌሊት ሁለት ነገር እንማራለን ብለን እናምናለን። አንደኛው፣ ስልክ ሁሉን ይጽፋል። ማን ለማን፣ ስንት ብር፣ በስንት ሰዓት እንደላከ ተመዝግቦ ይቀመጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው በዚህ ዘመን ማደር ሳያስፈልገው ቀርቷል። ሁለተኛው የበለጠ ነው። በዚያ ሌሊት «የባንክ ገንዘብ የማንም አይደለም» ብሎ ያሰበ ብዙ ነበር። ኧረ የማን ነው? በባንክ የተቀመጠው የቅሬው ገንዘብ ነው፤ ከአረብ ሀገር እህት የላከችው ነው፤ በሬውን ሸጦ ያስቀመጠው ገበሬ ነው። ባለቤቱ ስላልታየ ባለቤት የለውም ማለት አይቻልም።

እኛ የደሴና የቦሩ ሜዳ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ወደ እኛ በመጣ ጊዜ ዘረፋ ምን እንደሆነ አይተናል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ያፈራው ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። ልጆቻችን የሚማሩባቸው ኮምፒዩተሮች ሳይቀሩ ተወስደዋል። ያን ጊዜ «ዕቃችንን የገዛ ሰው ከየት መጣ ብሎ አልጠየቀም እንዴ?» ብለን አላዘንንም? እንግዲያው ዛሬ እኛም ስንገዛ እንጠይቅ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ፣ መውቀስ ብቻውን ለልጆቹ ላፕቶፕ አይሆናቸውም። መንገድ ማሳየት አለብን። ማኅበራችን የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል።

አንደኛ፣ ሥራ እንስጣቸው። በሰፈራችን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩ ብዙ ሕፃናት አሉ፤ የሚያስጠናቸው የላቸውም። የኮሌጅ ተማሪ ቅዳሜና እሑድ ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢያስጠና ለሁለቱም ይጠቅማል። ማስጠናት የሚፈልጉ ተማሪዎች የሚያስጠኑትን ትምህርትና የሚጠይቁትን ክፍያ ጽፈው ለጸሐፊው ይስጡ፤ በዚህ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። ክረምት ሲሆን ደግሞ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ወርዶ የጽሑፍ ሥራ፣ ስልክ ጥገና፣ የግንባታ ቀን ሥራ የሚጠይቅ ልጅ አይሳቅበት። በመኸር ጊዜ ድንች ሲያወጣና ገብስ ሲያጭድ የሚታይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሰፈሩ ኩራት ነው እንጂ መሳለቂያ አይደለም። አሠሪዎችም አደራ! «የሰፈር ልጅ ነው» ብሎ ማስጠናትን በምርቃት ብቻ ማለፍ አይገባም። ምርቃቱም ይሁን፣ ክፍያውም ይሁን። ልጁ ደግሞ ሥራው ትምህርቱን እንዳይበላበት ሰዓቱን ይለካ፤ ለላፕቶፕ ብሎ ፈተና የወደቀ ልጅ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን የጣለ ነው።

ሁለተኛ፣ እቁብ እንጣል። የሒሳቡን መንገድ ለማሳየት ያህል፣ 20 ቤተሰብ በወር 1,000 ብር ቢጥል በየወሩ 20,000 ብር ለአንድ ቤት ይደርሳል። ዕጣው መጨረሻ ለሚወጣለት ጥበቃው 20 ወር ነውና ለመመረቅ አንድ ዓመት የቀራቸው ልጆች ያሉበት ቤት በስምምነት ቀድሞ ቢወስድ መልካም ነው። ዳኛና ጸሐፊ ይኑረው፤ የወሰደ ሁሉ ዋስ ይጥራ። ይህ በስልክ በአንድ ደቂቃ ከሚገኘው ብድር ይሻላል። የስልኩ ብድር ሲመጣ ደስ ይላል፤ ቀኑ ሲደርስ ግን የመጣለትን ደመወዝ ወይም የተላከለትን ገንዘብ ቀድሞ ይወስዳል።

ሦስተኛ፣ ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም፤ ነገር ግን በደረሰኝና በምስክር ይሁን። የሻጩን መታወቂያ እዩ፤ ሽያጩን በወረቀት አስፍሩ። ስልክ ከሆነ *#06# ብትደውሉ 15 አሃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ቁጥሩንም በቤት ጻፉት፤ ቢሰረቅ ለፖሊስ የምታስመዘግቡት እሱን ነው።

አራተኛ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ወላጅና ልጅ አንድ ምሽት ይቀመጡ። ቡና ተፈልቶ ወረቀት ይውጣ። ልጁ የሚያስፈልገውን በዝርዝር ይጻፍ፤ ለትምህርት የግድ የሆነውን ለብቻ፣ ቢኖር ደስ የሚለውን ለብቻ። ወላጅም ያለውን ይናገር። የጎደለውን ማን በምን እንደሚሞላ ይስማሙ፤ ይህን ያህል ከቤት፣ ይህን ያህል ከልጁ ሥራ ተብሎ ይጻፍ። ማንበብ የማይችል ወላጅ ካለ፣ ኮሌጁ በእርግጥ ምን እንደሚያስከፍል ለማወቅ የሚፈልግ ካለ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ወረቀቱን አንብቦ ለማስረዳት ዝግጁ ነው። በቤት ውስጥ የተወራው በቤት ውስጥ ይቀራል።

ውድ ልጆቻችን! ይህ ጽሑፍ እናንተን ለመክሰስ አልተጻፈም። አብዛኞቻችሁ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛችሁ፣ ከጓደኛ ላፕቶፕ ተውሳችሁ፣ በሌሊት አጥንታችሁ እንደምትማሩ እናውቃለን። ላባችሁ ያለበት አሮጌ ስልክ ከማንም አዲስ ስልክ በፊት የሚያስከብራችሁ ነው፤ አብሽሩ። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። የያዛችሁት ዕቃ «ከየት አመጣኸው? ከየት አመጣሽው?» ሲባል በእናታችሁ ፊት ቀና ብላችሁ የምትመልሱለት ይሁን። መመለስ የምትችሉ ከሆነ ትንሹም በቂ ነው፤ መመለስ የማትችሉ ከሆነ ግን ትልቁም ሸክም ነው።

ወላጆችም የሰማችሁትን እውነት በቁጣ አትቀበሉት። ልጅ «ገንዘቡን ለሌላ አዋልኩት» ብሎ ሲናገር የሚደበደብ ከሆነ ሁለተኛ አይናገርም። መጀመሪያ ስለ መናገሩ አመስግኑት፤ ቀጥሎ እንዴት እንደሚመልሰው ተነጋገሩ።

ስለ እቁቡ ለመመካከር የሚፈልጉ ነዋሪዎች በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ እንዲገኙ፣ የሚያስጠኑ ተማሪዎችም እስከዚያው ስማቸውን እንዲያስመዘግቡ እናሳስባለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ሰፈሩ ከተባበረ ላፕቶፕ የሚያቅተው አይሆንም።

ሰላም ለሁላችን ይሁን።