አሸዋና ጠጠር ከማዘዛችሁ በፊት

ፋሲካ አልፎ ክረምት እስኪገባ ባለችው ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ግንበኛ ይሆናል። አንዱ የግቢውን ጭቃ ለማስቀረት ጠጠር ያስደፋል፤ ሌላው ለልጁ ሠርግ ድንኳን የሚተከልበትን መሬት ያስደለድላል፤ ጡረታ የወጣውም ስንት ዓመት ሲያስበው የኖረውን የሰርቪስ ቤት ወለል ለማስጨረስ ይነሳል። ባለፈው ሳምንት እኛ ሰፈር ብቻ ከጥግ እስከ ጥግ ሦስት የአሸዋ ክምር ቆጥሬያለሁ። ስለ ደም ግፊትና ስለ ሕፃናት ክትባት ስትጽፍ የኖረች ነርስ ዛሬ ስለ ጠጠር ምን አገባት የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ ግን ከሙያዬ ያን ያህል አይርቅም።

ሥራ ላይ በነበርኩባቸው ዓመታት በክረምት ዳሌያቸው ተሰብሮ በቃሬዛ የሚመጡ አዛውንቶችን ስጠይቅ፣ የወደቁት ሩቅ ቦታ አልነበረም። ከቤታቸው ደጃፍ እስከ ሽንት ቤት ወይም እስከ ማድ ቤት ባለችው አሥር እርምጃ ላይ ነው። የዳሌ አጥንት በሰባና በሰማንያ ዓመት ሲሰበር ከስብራቱ ይልቅ የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ የሚመጣው መተኛት ነው፤ የሳንባ ምች፣ የመኝታ ቁስል፣ የደም መርጋት። ስለዚህ ግቢ ጠጠር ማልበስ ለእኔ የማማር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሻጩ ወይም ደላላው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ስንት ቢያጆ?» ብሎ ነው። እናንተ ግን መጀመሪያ ራሳችሁን የምትጠይቁት «በላዩ የሚሄደው ማን ነው?» ብላችሁ ይሁን። እናቴ 87 ዓመቷ ነው፤ የምትሄደው በምርኩዝ ነው። ወፍራም ሆኖ የተበተነ ልቅ ጠጠር ላይ ምርኩዝ ይሰምጣል፣ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል፣ ተሽከርካሪ ወንበርማ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ከወንዝ የሚወጣው ክብ ጠጠር ለዓይን ያምራል፤ ከእግር ሥር ግን እንደ ባቄላ ይንከባለላል። በወፍጮ የተፈጨው ማዕዘን ያለው ጠጠር እርስ በርሱ ስለሚነካከስ ሲጠቀጠቅ ይጸናል። በቁጥር ሲጠራ 00 ደቃቁ ነው፣ 01 ከዚያ ከፍ ይላል፣ 02 ደግሞ ወፍራሙ። ለሰው መሄጃ 02 አታስደፉ፤ ያ ለኮንክሪት ነው። ሬድአሽ የምንለው ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ቀላልና ውኃ የሚያሳልፍ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይሻላል። ነገር ግን ሲረገጥ እየደቀቀ በበጋ ቀይ አቧራ ይሆናል። አስም ያለበት ልጅ ካለ ከመስኮት አርቁት።

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። ከደጃፍ እስከ ሽንት ቤትና እስከ በሩ ድረስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በሲሚንቶ አስደረግን፤ ፊቱ እንዳይልግ ገና ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተጭሯል። የቀረው ግቢ ጠጠር ለበሰ። ለጠጠሩም ቢሆን ጥቁሩ አፈር ላይ ዝም ብሎ መድፋት ገንዘብ መቅበር ነው፤ መረሬ በዝናብ ያብጣል፣ በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ በሁለተኛው ክረምት ጠጠሩን ይውጠዋል። ጥቁሩ አፈር ተነስቶ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ገረጋንቲ ይገባል፣ ውኃ እየጠጣ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ በላዩ ደቃቁ ጠጠር በስሱ ይለብሳል። ሲደለደል ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል፤ አለዚያ ውኃው ተመልሶ ወደ መሠረታችሁ ይመጣል። ጠርዙንም በድንጋይ አሲዙት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እርዝመት በስፋት፣ በውፍረት፤ ሁሉም በሜትር። 8 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ግቢ 40 ካሬ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ከለበሰ 40 በ0.05 ሲባዛ 2 ሜትር ኪዩብ ይመጣል። ለሚጠቀጠቀውና ለሚባክነው አሥር በመቶ ስትጨምሩበት 2.2 ሆነ። ይህን ያህል ብቻ ነው! አንድ ጎረቤታችን ለዚሁ ለሚያህል ግቢ ደላላው «ትንሽ አይበቃዎትም» ስላላቸው ሙሉ ሲኖትራክ አስመጡ። የተረፈው በራቸው ላይ ክረምቱን ከረመ፤ ዝናቡ እያጠበ ወደ ውኃ መውረጃው ቱቦ ከተተውና ሐምሌ ላይ ጎርፉ የገባው እታች ያሉት ሦስት ቤቶች ውስጥ ነው። ደንብ አስከባሪ መጥቶ መቅጣቱ ሳይቀር። የሚበቃችሁ ትንሽ ከሆነ በኢሱዙ አስመጡ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር አንድ መኪና ተካፈሉ። የአንድ ሜትር ኪዩብ ጠጠር ክብደቱ ወደ አንድ ተኩል ቶን ይጠጋል፤ በእጅ ጋሪ ከበር ወደ ውስጥ ሲገባ ከአሥራ አምስት ምልልስ አያንስም። የልብ ሕመም ያለባችሁ አባቶች አካፋውን ለወጣት ስጡ፤ የቀን ሠራተኛ ክፍያ ከሐኪም ቤት ያንሳል።

መኪናው ሲመጣ የሚነገራችሁን ቁጥር በአክብሮት ስሙ፤ ከዚያ ለኩ። የጭነቱን ሳጥን እርዝመት፣ ስፋትና የአሸዋውን ከፍታ ከውስጥ በኩል ነው የሚለካው። እርዝመቱ 5.4፣ ስፋቱ 2.3፣ ከፍታው 1.2 ቢሆን የያዘው 14.9 እንጂ 16 አይደለም። እኛ ዘንድ የመጣው ሾፌር «ማዘር፣ ይሄ እኮ ሙሉ ነው» አለኝ። «ልጄ፣ ሙሉነቱን እኔም አየሁ፤ ስንት እንደሆነ ነው የምንለካው» ብዬው የልጅ ልጄ ሜትሩን ይዞ ወጣ። ልጁ እየሳቀ ዋጋውን አስተካከለ፤ አልተጣላንም። መሃሉ ተቆልሎ ዳርና ዳሩ የጎደለ እንዳይሆን ከፍታውን በብረት ዘንግ አራትና አምስት ቦታ ላይ ለኩ። ጭነቱም መንገድ ላይ እየተነቀነቀ ስለሚወርድ «ስንጭን ሞልቶ ነበር» የሚለው ንግግር እውነት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ስትስማሙ ልኬቱ እናንተ በር ላይ እንደሚሆን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ቀሪውን ገንዘብም ከልኬት በኋላ ስጡ።

ተደፍቶ ከደረሳችሁስ? ክምሩ ክብ ሆኖ ጫፉ የሾለ ከሆነ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ያለውን እርቀት በራሱ አባዙ፣ ቀጥሎም በከፍታው አባዙ። ከመሃል እስከ ጠርዝ 2 ሜትር፣ ከፍታው 1.2 ሜትር ቢሆን 5 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። ስድስተኛ ክፍል ያለ የልጅ ልጅ ይሠራዋል፤ ለሒሳብ ትምህርቱም አይከፋም።

አሸዋ ላይ ደግሞ አንድ ብልሃት አለ። እርጥብ አሸዋ ያብጣል። በቅንጣቶቹ መካከል የገባው ስስ ውኃ እርስ በርስ ስለሚያራርቃቸው፣ ያው አሸዋ ከደረቁ በአምስተኛ ያህል፣ ደቃቅ ከሆነም ከዚያ በላይ ቦታ ይይዛል። በመኪና ሙሉ እርጥብ አሸዋ የገዛ ሰው ከፊሉን አየር ገዝቷል ማለት ነው። በተቻለ መጠን ደረቁን ግዙ፤ እርጥብ ከሆነ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ።

የአሸዋው ንጽሕናም አለ። «የመቂ ነው»፣ «የላንጋኖ ነው» እያሉ ዋጋ ይሰቅላሉ። ስሙን አትግዙ፤ ጠርሙሱን እዩ። ቀጥ ያለ ግልጽ የውኃ ጠርሙስ አምጡና ከጭነቱ መሃል የተወሰደ አሸዋ እስከ ግማሽ ሙሉበት። ውኃ ጨምሩ፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርጉበት፣ ክዳኑን ዘግታችሁ በደንብ ነቅንቁና ሦስት ሰዓት አስቀምጡት። አሸዋው ከታች ይቀመጣል፤ አፈሩ በላዩ ለብቻው መስመር ይሠራል። ላቦራቶሪ ውስጥ የደም ናሙና ቀጥ ባለ ቀጭን ቱቦ ቆሞ እስኪዘቅጥ ስንጠብቅ ለኖርን ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም። የሚፈቀደው የአፈር መጠን በአገራችን መለኪያ 6 በመቶ ነው። አሸዋው 10 ሴንቲ ሜትር ቆሞ በላዩ ያለው አፈር ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ፣ ወይ ታጥቦ ይገባል ወይ ይመለሳል። አፈር የበዛበት አሸዋ ሲሚንቶውን አያስይዘውም፤ ወለሉ በዓመቱ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ጠርሙሱን ለመጠበቅ ጊዜ እንዲኖራችሁ ናሙናውን ከማዘዛችሁ አንድ ቀን በፊት ከመሸጫው ቦታ አስመጡ።

ስለ ልጆች ሳልናገር አላልፍም። ከባድ መኪና ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማታ ነው፤ ጨለማ፣ ጠባብ መንገድ፣ ወደ ኋላ የሚሄድ ገልባጭ። ሾፌሩ ከኋላው ያለ የሦስት ዓመት ልጅ አይታየውም። መኪናው ቆሞ ደፍቶ እስኪሄድ ድረስ ልጆች ከቤት አይወጡም፤ አንድ ትልቅ ሰውም ሾፌሩ በሚያየው ጎን ቆሞ ያስገባው። በነጋታው ደግሞ ክምሩ የሰፈሩ ልጆች መጫወቻ ይሆናል። ላዩ ላይ ቢዘሉ ግድ የለም፤ ጉድጓድና ዋሻ ሲቆፍሩ ግን አስቁሟቸው፤ አሸዋ ሲናድ ድምፅ የለውም፣ ደረት ላይ ከተጫነ ትንፋሽ አይሰጥም። ሲመሽ በሸራ ሸፍኑት፤ ድመት የምትጸዳዳበት አሸዋ ለሕፃን እጅና አፍ የሚያተርፈው የሆድ ትል ነው። ስትዝቁና በወንፊት ስታስነፉ ውኃ አርከፍክፉበት፤ የድንጋይ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ አፍ ላይ የሚታሰር ነጠላም ደቃቁን አያስቀርም።

ሲሚንቶ ሲቦካ ደግሞ በባዶ እግርና በባዶ ጉልበት መሥራት ይቅር። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሕመሙም ወዲያው ስለማይሰማ ሠራተኛው ልብሱን ሲያወልቅ ማታ ነው ቁስሉን የሚያየው። የነካውን ልብስና ጫማ አውልቃችሁ በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡት። ዓይን ውስጥ ከገባ አታሹ፣ ወተትም ቅቤም አታድርጉበት። የዓይኑን ቆብ ከፍታችሁ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳታቋርጡ እጠቡ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሥራ በሚጀመርበት ጠዋት አንድ ጄሪካን ንጹሕ ውኃ ለዚሁ ብቻ ተብሎ በጥላው በኩል ይቀመጥ፤ ለመቡኪያ አይነካ።